የስልጆው ገጽ

የበደለችኝ የባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። የበደለችኝም ለውጡ በመጣ በሁለተኛው ዓመት፣ ሁዳዴ ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ከደሴ እኛ ወዳለንበት ሐይቅ ከተማ መጥታ፣ ምሳዬን በልታ፣ የባልትና ደብተሬን በጋዜጣ ጠቅልላ ይዛ ሄደች። ስልጆውን ብቻ ገልብጬ እመልሳለሁ ነበር ያለችኝ። የመለሰችው ክረምት ገብቶ ነው። ከዚያ ዓመት ሳይሞላ ደብተሬ በእሷ ስም ታትሞ ደሴ አዳራሽ ውስጥ ተመረቀ።

ያን ጊዜ ሁሉም ማኅበር ያቋቁም፣ ሁሉም መጽሐፍ ያሳትም ነበር። እሷም የአንድ የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ሆና መጽሐፍ አስፈለጋት። ምረቃው ላይ አልሄድኩም። ባለቤቴ ሄዶ አንድ ቅጂ ይዞ መጣ። ገልጬ ሳየው ቃሌ ከነነጠላ ሰረዙ አለ። «እናቴ እንዳለችው» ብዬ የጻፍኩበት ቦታ እንኳ «እናቴ እንዳለችው» ይላል። የእሷ እናት አማቴ ናት፤ አማቴ ደግሞ በዕድሜዋ ስልጆ ሠርታ አታውቅም፣ ከጎረቤት ነበር የምትቀበለው። ምስጋናው «ለወሎ እናቶች» ይላል።

«ወጥ እኮ ነው፤ ርስት የነጠቀችሽ አስመሰልሽው» አለኝ ባለቤቴ።

ርስት ቢሆንማ ሽማግሌ ይቀመጥበት ነበር።

እኔ የምግብ መጽሐፍ እሰበስባለሁ። ትምህርት ቤት ባልትና ሳስተምር የጀመርኩት ነው፤ ጡረታ ስወጣ ሁለት ረድፍ ሞልቶ ነበር። ግን ያገኘሁትን ሁሉ አላስገባም። የሚያብረቀርቀውን ፎቶ አልፌ መጀመሪያ የስልጆውን ገጽ እፈልጋለሁ። ስልጆ ችኩል ሰው የሚጽፈው ነገር አይደለም። ሱፉ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ ይጠለላል፤ በውኃው የባቄላ ዱቄት ይገነፋል፤ ሲበርድ ሰናፍጭ ይገባበታል፤ ከዚያ ቀናት ይጠበቃል። «እስኪደርስ ይቆይ» ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊ ራሱ ጠብቆ አያውቅም። በስንተኛው ቀን ምን እንደሚሸት፣ ሲበላሽም ምን እንደሚመስል የሚጽፈው ግን አንድ ቀን አበላሽቶ ያዘነ ሰው ነው። የዚህን ሰው መጽሐፍ እገዛለሁ። ገዝቼም ሦስት ነገር እሠራበታለሁ። ሦስቱም ከወጡልኝ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ካልወጡልኝ ለሰው እሰጠዋለሁ።

የባለቤቴን እህት መጽሐፍ ግን ሳልሠራበት ለጎረቤቴ ሰጠሁት። እንደማይሠራ አውቅ ነበር። ደብተሬ ውስጥ ዱቄቱና ውኃው በጣሳ፣ ሰናፍጩና ጨው በማንኪያ ነው። ጣሳዋ የእናቴ ናት። አፏ ዝጎ ስለነበር ውጫሌ ገበያ አንድ ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ሁለት ጣት ያህል ቆርጦ ጣለላትና እጀታ በየደላት። ስለዚህ ከሌላ ጣሳ ያነሰ ትይዛለች። ለራሴ ስጽፍ ይህን መጻፍ አላስፈለገኝም፤ የወሰደችውም አልጠየቀችኝም። በሙሉ ጣሳ የሚሠራ ሰው ሰናፍጩ ያንሰዋል፤ ስልጆውም ይሻግታል።

ጎረቤቴ በሚቀጥለው ሁዳዴ የሻገተ ስልጆዋን በሳህን ይዛ መጣች። «መጽሐፉን የሰጠሽኝ ጠልተሽኝ ነው ወይስ ባሌን?» አለችኝ። አብረን ሳቅን። እኔ ትንሽ አብዝቼ ሳቅሁ።

ከዚያ ጦርነቱ ወደኛ ቀረበ። አንድ ቀን ጠዋት በችኮላ ወጣን። ለመንገድ ውኃ መጠጫ እንድትሆነን ብዬ ጣሳዋን አነሳሁ። ደብተሩ ከመጽሐፎቹ ጋር ነበር፤ አየሁት፤ ተመልሰን እንመጣ የለ ብዬ ተውኩት። ከደሴም አልፈን ስንሄድ በዚያች ጣሳ የማላውቀው ሰው ሁሉ ጠጣባት።

ስንመለስ መደርደሪያው ራሱ ተፈልጦ ነድዷል። ምድጃው ዳር የአንድ መጽሐፍ ጠንካራ ሽፋን ቀርቶ ነበር። ደብተሩን አላገኘሁትም። ሰው የሞተበት ጎረቤት ስላለኝ ስለ ወረቀት አላለቀስኩም።

ሁዳዴ ሲደርስ ስልጆውን ሠራሁ። እጄ ያውቀዋል፤ ወጣልኝ። እናቴ ለሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በየዓመቱ ትልከው የነበረው ስልጆ ነው። ሌላው ግን ጠፋኝ። ለአራስ የምታፈላው አጥሚት ውስጥ የሚገባው ቅመም ስንት ዓይነት ነበር? የአምባዛ ዓሣን ሽታ የምታጠፋው መጀመሪያ በምን አሽታ ነበር? ከአፏ የጻፍኳቸው ናቸው፤ ጽፌያቸዋለሁ ብዬም ረሳኋቸው። እናቴ ከሞተች ሃያ ዓመት አልፏል፤ አምባሰል ውስጥ ካሉት ዘመዶቿም የሚጠየቅ አልቀረም።

ደሴ ሄጄ መጽሐፍ ሻጩ ዘንድ ገባሁ። መደርደሪያውን እንደገና ልጀምር ነው ብዬ ነው የሄድኩት። ሁለት መጽሐፎች አገላብጬ የስልጆ ገጻቸውን አይቼ መለስኩ። ሻጩ ሦስተኛ አቀበለኝ።

«ይህችን ይውሰዱ እማማ፤ ያገራችን ናት። ስልጆዋ ብቻ አይሠራም ይላሉ።»

«እሱን እኔም ሰምቻለሁ» አልኩት።

ገዛሁት። አውቶቡስ ውስጥ ስገልጠው አጥሚቱ አለ፤ አምባዛውም አለ። እናቴ የተናገረችው ሁሉ በተናገረችበት አኳኋን ተቀምጧል። ባትሰርቀኝ ኖሮ ይህም ከደብተሩ ጋር ነድዶ ነበር። ይህን ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ለእሷም አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም።

እቤት ገብቼ በእናቴ ጣሳ እየሰፈርኩ ሦስት ነገር ሠራሁበት። ሦስቱም ወጡልኝ። ደንቡን ያወጣሁት እኔ ነኝና አዲሱ መደርደሪያ ላይ አኖርኩት።

በዳግማይ ትንሣኤ ሰሞን የባለቤቴ እህት ልትጠይቀን መጣች። ዓሣ ጠበስኩላት። ከመቀመጧ ዓይኗ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

«መጽሐፌን ገዙት እንዴ እትዬ? እኔ አላመጣልዎም ነበር?»

«የእናቴን ነው የገዛሁት» አልኳት።

ሰምታ እንዳልሰማ ሆነች። መጽሐፉ እንደገና ሊታተም እንደሆነ፣ ስለ ስልጆው ግን ሰው ሁሉ እንደሚወቅሳት አወራች። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ደብተሬ ላይ የተጻፈችው ጣሳ ምን ያህል እንደምትይዝ ጠየቀችኝ። ለዚህ ነበር የመጣችው።

«መጀመሪያው ገጽ ላይ የእናቴን ስም አስገቢ፤ እነግርሻለሁ።»

ወንድሟን አየችው። እሱ የዓሣውን እሾህ ይለቅም ነበር።

«ስም ማስገባቱ አሁን አይመችም እትዬ። ደግሞስ የወሎ እናቶች ብዬ የለ? እሳቸውም እኮ እዚያ ውስጥ ናቸው።»

«እንግዲያ ጣሳዋም እዚያው ውስጥ ናት፤ ፈልጊያት።»

ባለቤቴ ተጨማሪ እንጀራ ጠየቀ። እሷ ዓሣዋን ጨርሳ በጊዜ ሄደች።

በማግስቱ ጣሳዋን ውኃ ሞልቼ የልኬት ምልክት ባለው የሕፃን ጡጦ ለካሁት። ልኩን በስልጆው ገጽ ጠርዝ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩ። ሽፋኑ ላይ የእሷ ስም ያለበትን ቦታ በነጭ ወረቀት ሸፍኜ የእናቴን ስም ጻፍኩበት። ልኩን አልላክሁላትም። መጽሐፍ ማዋስም ትቻለሁ።