አንድ ፊደል የጎደለው ደብዳቤ

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት ማንኛውንም ነገር በተራ ቁጥር ካልጻፍኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። ሠላሳ የዘጠኝ ዓመት ልጆችን ወደ አንድ ቤተ መቅደስ ለመውሰድ አሥራ አራት ገጽ ዕቅድ አዘጋጀሁ። ማን ከማን ጋር እንደሚሰለፍ፣ ማን በየትኛው የባቡር በር እንደሚገባ፣ ዝናብ ቢጥል፣ ዝናብ ባይጥል፣ ጫማ ሲወልቅ የአንዱ ካልሲ ቢሸት ምን እንደሚደረግ ሁሉ ተጽፏል። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ዕቅዱን በእጃቸው መዘን መዘን አድርገው፣ «ቤተ መቅደሱን ራስህ ልትሠራው ነው እንዴ?» አሉኝ።

ትምህርት ቤቱ ሰሜን ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ነው። በየተርሙ፣ ማለትም በየሦስት ወሩ፣ አንድ ሃይማኖት እናስተምራለን፤ የዚያ ተርም ተራ የቡድሂዝም ነበር። በለንደን ደቡባዊ ጫፍ መነኮሳት የሚኖሩበት ቤተ መቅደስ አለ፤ አንድ መነኩሴ ተማሪዎችን እየተቀበሉ ያስጎበኛሉ። እያንዳንዱ ልጅ ለመነኩሴው አንድ ጥያቄ አዘጋጅቶ እንዲመጣ አዘዝኩ።

በክፍሌ አንዲት ሀበሻ ተማሪ ነበረችኝ። እናቷ ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ የመጡ ናቸው፤ እሷ ግን እዚሁ የተወለደች የለንደን ልጅ ነች። ጽሑፏ እንደ ትልቅ ሰው ነው፤ ድምፅዋን ግን ከመስከረም ጀምሮ የሰማው የለም ማለት ይቻላል። ስሟን ስጠራ እጇን ታወጣለች እንጂ «አቤት» አትልም። ጥያቄ ስጠይቃት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ጭረት ታጠናለች። ታዲያ አንድ ቀን ሁሉም ለእረፍት ከወጣ በኋላ ወደ እኔ መጣችና በሹክሹክታ፣ «የኔን ጥያቄ እኔ ራሴ እጠይቃለሁ። ሌላ ሰው እንዳያነብልኝ» አለችኝ። ጥያቄው ምን እንደሆነ ብጠይቃት ወረቀቷን አጥፋ ኪሷ ከተተች።

እኔ በዚያ ቀን የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ በኋላ ጉብኝቱ ለእኔ የቡድሂዝም ትምህርት መሆኑ ቀረ። የዚያች ልጅ ጥያቄ ሆነ።

ያበላሸሁትም በደስታ ነው። ለወላጆች የሚላከው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ ነበር። የልጅቷ እናት ካምደን ሆስፒታል ውስጥ በጽዳት ሥራ ላይ ናቸው፤ እንግሊዝኛቸው ለሥራ ይበቃል እንጂ ለረጅም ደብዳቤ አይሆንም ብዬ አሰብኩ። ስለዚህ ማንም ሳይጠይቀኝ ወደ አማርኛ መለስኩት። እኔ ወደዚህ አገር የመጣሁት አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ስለሆነ አማርኛዬም እዚያው አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። የእንግሊዞቹን አጠራር እንደሰማሁት ጻፍኩት፦

«ልጅዎ በመጪው ሐሙስ ጥንታዊውን የቡዳ ቤት ትጎበኛለች። ልጆቹ ቡዳውን ቀርበው የማየት ዕድል ያገኛሉ። ምሳ ይዛ ትምጣ።»

ሁለቴ አነበብኩት። ነጥቦቹን አስተካከልኩ። አቀማመጡን አሳመርኩ። በጣም ኮራሁ።

በማግስቱ ጠዋት እናቷ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ በሩ ላይ ጠበቁኝ። ልጅቷ ከጎናቸው ቆማለች።

«ይህን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ፤ ምስጋና እየጠበቅኩ።

«አንተ ሀበሻ ነህ አይደል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እናትህ ታውቃለች?»

«ምኑን?»

«የሰው ልጅ ሰብስበህ ቡዳ ልታስበላ መሆኑን ነዋ!»

ደብዳቤውን ተቀብዬ አነበብኩት። «ልጆቹ ቡዳውን ቀርበው የማየት ዕድል ያገኛሉ።» ጆሮዬ ጋለ። ልጅ እያለሁ ስበላ ሰው እንዳያየኝ አያቴ በነጠላቸው የሚከልሉኝ ከማን እንደነበር እኮ አውቃለሁ። እንዴት አላየሁትም? ሐሳቤ በእንግሊዝኛ፣ ጣቴ በአማርኛ ነበር የሚሄደው።

እዚህ ላይ ይቅርታ ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን ማስረዳት እወዳለሁ።

«እትዬ፣ ይሄኛው ሌላ ነው። አንደኛ፣ ከሁለት ሺህ አምስት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ታላቅ መምህር ነው።»

«አሁንም አለ?»

«ሞቷል።»

«ታዲያ ልጆቹ ቀርበው የሚያዩት ማንን ነው?»

«ሐውልቱን። ሁለተኛ፣ አንድ ቀን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሳለ...»

«ዛፍ ሥር!» እጃቸውን አነሱ። «በቃ፣ በቃ። የፈቃድ ፎርሙን ሳይን አላደርግም። ሐሙስ እቤቷ ትውላለች።»

ልጅቷ አንዴ ብቻ ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ኪሷን በእጇ ይዛ ወደ ክፍል ገባች።

በምሳ ሰዓት ሳንድዊቼን ትቼ ደብዳቤውን እንደገና ጻፍኩት። «ቡዳ» የነበረውን ሁሉ «ቡድሃ» አደረግኩት። አንድ ፊደል ነበር የጎደለው። «ቀርበው የማየት ዕድል» የሚለውንም አወጣሁ። ከትምህርት በኋላ እናቷ ልጃቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሰጠኋቸው። ደብዳቤውን ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ፊደል በፊደል አነበቡት።

«ቡ... ድ... ሃ። ድሃ ነው እንዴ?»

እኔ አስቤበት አልነበረም። ግን መልሱ እውነት ነበር። «የንጉሥ ልጅ ነበር፣ እትዬ። ቤተ መንግሥቱን፣ ሀብቱን፣ ሁሉን ጥሎ ድሃ ሆነ።»

«ጥሎ ወጣ?»

«ጥሎ ወጣ።»

ደብዳቤውን አጠፉት። ከዚያ በደብዳቤው ደረቴን መታ አደረጉኝ። «ታዲያ ጠዋት እንዲህ አትለኝም ነበር? ዛፍ፣ ዛፍ ትለኛለህ!»

ፎርሙን አጥሩ ላይ አስደግፈው ፈረሙ። «ግን እኔም እመጣለሁ። ያንተን አማርኛ አላምነውም።»

ለነገሩ ሠላሳውን ልጅ አብሮኝ የሚጠብቅ አንድ ትልቅ ሰው ጎድሎኝ ነበርና እግዜር ይስጥልኝ ነው ያልኩት።

ሐሙስ ዕለት ከካፖርታቸው በላይ ነጠላ አጣፍተው መጡ። የልጅቷ ካፖርት ላይ አንድ ዘለላ ጤና አዳም በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። በመስኮታቸው ላይ በማሰሮ የሚያሳድጉት ነው። ምነው ስላቸው «ለማንኛውም» አሉኝ። በኖርዘርን ላይን ባቡር ያ ሽታ ፉርጎውን ሞላው። ጋዜጣ የሚያነብ አንድ ሰውዬ ሁለት ጊዜ ቀና ብሎ አየን፤ ልጆቹም ተራ በተራ ሊያሸቱት ተሰለፉ። ለሰልፉ ያወጣሁት ዕቅድ እዚያው ፈረሰ።

መጨረሻው ጣቢያ ወርደን አውቶቡስ ስንጠብቅ እናቷ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩ። «በዚህ በኩል ወደ ክሮይደን ይኬዳል አይደል? ወረቀቴን ስጠብቅ እዚያ ኢሚግሬሽን ቢሮ ስንት ዓመት ተመላልሻለሁ። እስካሁን ወደዚህ ስመጣ ወረቀቴ ቦርሳዬ ውስጥ መኖሩን አያለሁ።» ከዚያ የልጃቸውን አንገት ልብስ አጠበቁላት። «ዛሬ ሽርሽር ነው፤ ዛሬ ልዩ ነው።»

ቤተ መቅደሱ ተራ ከሆኑ የመኖሪያ ቤቶች ኋላ ድንገት ብቅ ይላል። ነጭ ግድግዳ፣ ቀይና ወርቃማ ጣሪያ፤ የጣሪያው ጫፎች ወደ ላይ ቀንድ ያወጡ ይመስላሉ። መነኩሴው በር ላይ ተቀበሉን። ቀጭን ናቸው፤ መነጽር አድርገዋል፤ ቢጫ ልብሳቸው ሥር ወፍራም የሱፍ ካልሲ አጥልቀዋል። የመጀመሪያ ንግግራቸው ይህ ነበር፦ «ትምህርቱ ጥንታዊ ነው። ሕንፃው ግን ከእኔ በዕድሜ ያንሳል።»

ሠላሳ ራስ ወደ እኔ ዞረ። ክፍል ውስጥ «ጥንታዊ፣ ጥንታዊ» እያልኩ ነበር የከረምኩት።

ጫማ ስለማውለቅ አጭር ገለጻ አዘጋጅቼ ነበር። ወረቀቴን ሳወጣ ግን የልጅቷ እናት ጫማቸውን አውልቀው ከደረጃው ሥር አስቀምጠዋል፤ ልጆቹንም በአማርኛ «አውልቁ፣ አውልቁ! ጥንድ ጥንዱን!» እያሉ ያሰልፏቸዋል። የየአገሩ ልጅ ሁሉ በአማርኛ ታዘዘ። ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን ታያለህ? አንተም አውልቅ እንጂ» አሉኝ።

ውስጡ ፀጥ ያለና ሞቃት ነው። ከፊት ለፊት አንድ ትልቅ ወርቃማ ሐውልት ተቀምጧል። እናቷ በልማድ ጎንበስ ብለው መስቀል ሊሳለሙ ወደ መነኩሴው ጠጋ አሉ፤ መነኩሴው ደግሞ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። እኔ መሀል ገባሁ። «እትዬ፣ እዚህ ሥርዓቱ ሴት መነኩሴን አትነካም፤ ምክንያቱም...»

«እንዲያ ነው? እውነተኛ መነኩሴ ናቸዋ!» አሉና ደስ ብሏቸው መሬት ላይ ተቀመጡ።

ጉብኝቱ ተጀመረ። መነኩሴው አንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፤ እኔ ወደ እናቷ ጎንበስ ብዬ መተርጎም ጀመርኩ። ጉልበቴን መታ አድርገው አስቆሙኝ።

«አንተ ተው። ሰውየውን ቡዳ ያደረግከው አንተ ነህ። አንቺ ንገሪኝ» አሉ ለልጃቸው።

ልጅቷ እኔን አየችኝ። ክፍሉን አየች። ከዚያ እናቷ ጆሮ ሥር አንድ ነገር አለች።

«አይሰማኝም። ከፍ አድርጊው።»

ከፍ አደረገችው።

«አሁንም አይሰማኝም። ሆስፒታል ስንሄድ እንደምታደርጊው አድርጊው እንጂ!»

ያኔ ገባኝ። ይህች ልጅ ለእናቷ ሐኪም ቤት፣ ባንክ፣ እንደኛ ቀበሌ ያለው ካውንስል እየሄደች ስትተረጉም ነው የኖረችው። ድምፅ አልጎደላትም። ክፍሌ ውስጥ ሥራ የሰጣት አልነበረም እንጂ።

መነኩሴው ስለ ሜዲቴሽን ነገሩን። እኔ «ተመስጦ» የሚለውን ቃል ፈልጌ አግኝቼ ለሁለት ሳምንት ስለማመድ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለች፦ «ዝም ብለህ ትቀመጣለህ። ሐሳብ ሲመጣ ኦኬ ትለዋለህ። ከዛ ይሄዳል።»

«ማነው የሚሄደው?»

«ሐሳቡ፣ እማ!»

«እ፣ ሐሳቡ። የኔው አይሄድም እንጂ።»

ከዚያ መነኩሴው ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ እህል እንደማይቀምሱ ተናገሩ። እናቷ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። «እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንጾማለን፤ እሳቸው ከስድስት ሰዓት በኋላ! ጠይቂልኝ፤ ወተት ይጠጣሉ? ሥጋስ?»

ልጅቷ በጥሩ የለንደን እንግሊዝኛ ጠየቀች፤ መልሱንም ይዛ ዞረች። «ሥጋ ከሰጡት ይበላል።»

«ይበላሉ በይ! መነኩሴ እኮ ናቸው።»

«ይበላሉ። ሰው የሰጣቸውን ነው የሚበሉት። መምረጥ አይቻልም።»

እናቷ ትንሽ አሰቡበት። «መምረጥ ካልተቻለማ፣ እሱም ጾም ነው።»

ልጅቷ ይህንንም ለመነኩሴው ተረጎመችላቸው። መነኩሴው ራሳቸውን ብዙ ጊዜ ነቀነቁ። ከአጠገቤ የተቀመጠ አንድ ተማሪዬ እጅጌዬን ጎተተኝና፣ «ሰር፣ እሷ መናገር ትችላለች እንዴ?» አለኝ።

የእናቷ ጥያቄ አላለቀም። ልብሳቸውን ማን ያጥባል? ብርድ አይሰማቸውም? ሐውልቱን ማን ይወለውላል፣ በምን? ይህኛው የሙያ ጥያቄ ስለነበር መልሱ ረዘም አለ። ለልጆቹ ጥያቄ የተመደበው ጊዜ በዚሁ አለቀ። ከውስጥ ደወል ተሰማ፤ የመነኮሳቱ የምግብ ሰዓት ነው። መነኩሴው ብድግ አሉ። እኔም አጨበጨብኩ። «ጊዜያችን አልቋል። በጥንድ ተሰለፉ።»

ሁሉም ተነሣ። ልጅቷ አልተነሣችም።

«የኔን ገና አልጠየቅኩም።»

በእንግሊዝኛ ነው ያለችው፤ ለእናቷ ስትተረጉም በነበረበት በዚያው ድምፅ፣ መላው አዳራሽ እየሰማ። ልጆቹ ቆሙ። እኔም አፌ እንደለመደው ማስረዳት ጀመርኩ፦ መነኮሳቱ ከስድስት ሰዓት በፊት በልተው መጨረስ አለባቸው፣ ስለዚህ አሁን ካልሄዱ እስከ ነገ ጠዋት...

«አጭር ናት» አለች።

«ምን አለች?» አሉ እናቷ። አሁን የሚተረጉም ከእኔ በቀር የለም።

«ጥያቄ አለኝ አለች።»

«ታዲያ አንተ ምን ታወራለህ? ዝም በላ!»

ዝም አልኩ። መነኩሴው ልብሳቸውን ሰብስበው ተመልሰው ተቀመጡ።

ልጅቷ ወረቀቷን ከኪሷ አውጥታ ዘረጋችው፤ ግን አላየችውም። «እናትዎ እዚህ መጥተው አይተውዎት ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች።

መነኩሴው መነጽራቸውን አወለቁ፤ መልሰው አደረጉት። «አንድ ጊዜ መጥታለች» አሉ። «ከሩቅ አገር። አዳራሹን ሁሉ ዞራ አየች፤ በጣም ያምራል አለች። ከዚያ እኔን አየችኝና፣ አንተ ግን ከስተሃል ብላ አለቀሰች። እስክትመለስ ድረስ በየጠዋቱ ስታበስልልኝ ነበር።»

ልጆቹ ሳቁ። ልጅቷ ማንም ሳያዛት ወደ እናቷ ዞራ ሁሉንም ተረጎመች፤ «አሉ»፣ «አበሰሉላቸው» እያለች፣ አንዲት አክብሮት ሳትስት። እናቷ እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያም መነኩሴውን ከራሳቸው እስከ ሱፍ ካልሲያቸው ቀስ ብለው ተመለከቷቸው።

«ንገሪያቸው» አሉ። «‹እናትዎ እውነታቸውን ነው› ትላለች እናቴ በያቸው። ሄደውም ይብሉ።»

ልጅቷ ከተቀመጠችበት ተነሥታ ቆመች፤ ደወሉ ለሁለተኛ ጊዜ እየተደወለ ስለነበር ከደወሉ በላይ ጮክ ብላ ነገረቻቸው።