አውም ላዞም አንድ ጊዜ ብቻ የጠየቀችበት ቀን

ሃ በሚባለው ሸለቆአችን ውስጥ ጎረቤቴን አውም ላዞምን የማያውቅ ሰው ከተገኘ፣ ወይ ትናንት የመጣ ነው ወይ ምግብ የማይበላ ነው። አውም የምንላት ለክብር ነው፤ ትልቅ ሴት በባዶ ስሟ አትጠራም፤ እኔንም በዚሁ ደንብ አፕ ሼሩብ ይሉኛል። ባሏ ካረፈ ወዲህ ከላሞቿና ከእኔ በቀር አጠገቧ ማንም የለም። አንድ ልጇ ኪንጋ ዋና ከተማችን ቲምፉ ሆቴል ውስጥ ይሠራል። እኔም ሚስት ስለሌለኝ የእሷን ምድጃ እንደ ራሴ ምድጃ ነው የማየው፤ ይህን ስናገር አላፍርም።

እሷ ቤት መብላት ግን ቀላል ሥራ አይደለም። እኛ ዘንድ እንግዳ የሆነ ሰው ምግብ ሲቀርብለት አፉን በእጁ ሸፍኖ «ሜሹ፣ ሜሹ» ይላል፤ አልፈልግም ማለቱ ነው። የቤቱ እመቤት ትጨምርለታለች። ደግሞ ይሸፍናል፤ ደግሞ ትጨምራለች። ገና ሲቀርብለት ሳህኑን የሚዘረጋ ሰው ይሉኝታ የሚባል ነገር ያልፈጠረበት ነው። እምቢታውን አምና ጭልፋዋን የምታስቀምጥ ሴት ደግሞ ከእሱ ትብሳለች። በዚህ ነገር ለአውም ላዞም ወደር አልነበራትም። አንድ ጊዜ የከብት ሐኪሙ ላሞቿን ሊከትብ መጥቶ፣ ቀይ ሩዙንና የቃሪያና የአይቡን ወጥ እየደጋገመች ስትጭንበት መርፌውን ሳያወጣ እሳቱ ዳር እንቅልፍ ጣለው። ላሞቹ የተከተቡት በማግስቱ ነው።

ምግባችንን መቅመስ የሚፈልጉ የውጭ አገር ሰዎችን እንድትቀበል ያደረጋት ኪንጋ ነው። ፎቁን ጠርጎ ምንጣፍ አነጠፈላት። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች ነገሩን አበላሹት፤ ኧረ አበላሹት ማለቱ እንኳ ግፍ ነው፣ ያበላሸችውስ እሷ ናት። አንዲት ቀጭን ሴት በቃኝ አለች፤ አውም ላዞም ጨመረችላት። በእውነት በቃኝ አለች፤ አሁንም ጨመረችላት። በመጨረሻ ሴትዮዋ አለቀሰች። ቃሪያው ይሁን ጭንቀቱ እስከ ዛሬ አልገባንም። አስጎብኚያቸውም ሁለተኛ እዚህ ቤት ሰው አላመጣም ብሎ ሄደ።

ኪንጋ ይህን ሲሰማ እየተንጨረጨረ መጣ። ፈረንጅ አልፈልግም ካለ አይፈልግም፣ አንድ ጊዜ ጠይቂና ሳህኑን አንሺ አላት። አሁንም ከተበላሸ ቤቱን ዘግቶ፣ ላሞቹን ሸጦ፣ ቲምፉ ከእሱ ጋር ሊያኖራት ወስኗል። ለላሞቹ ገዢም አግኝቷል። ልጁ ክፋት የለበትም፤ ብቻዋን በዚህ ብርድ ውስጥ አንድ ነገር እንዳትሆንበት ፈርቶ ነው። እሷ ግን የከተማውን ክፍል ታውቀዋለች፤ አንድ ክረምት አሳልፋበታለች። ሁሉም በሩን ዘግቶ ነው የሚኖር፣ ሳይጠራ የሚገባ ጎረቤት የለም። «ድፍን ክረምት ለአንድ ሰው እንኳ ‹ጨምር› ሳልል ወጣሁ» አለችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቅርሮ። አንጀቴን በላችው። ለራሴም አዘንኩ መሰለኝ፤ እሷ ከሄደች እኔ ማን ቤት ልበላ ነው?

ከመከር በኋላ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅና ሚስቱ መጡ። የየአገሩን ምግብ ለመቅመስ የሚዞሩ ሰዎች ናቸው አሉ። ያመጣቻቸው ያንግደን የምትባል ወጣት አስጎብኚ ናት። ኪንጋም ነገሩን በዓይኑ ሊያይ ከከተማ መጥቶ በሩ አጠገብ ቆመ። እኔ እንደ ልማዴ እሳቱ ዳር ነኝ።

አውም ላዞም ከማለዳ ጀምራ ሆንቴ ስትጠቀልል ነበር። ሆንቴ የሃ ሰው የሚመካበት ምግብ ነው፤ ከመራራው የደጋ እህላችን በተቦካ ሊጥ ውስጥ ቅጠል፣ አይብ፣ ቃሪያና ምላስ የሚያደነዝዝ ቅመም ይጠቀለልና በእንፋሎት ይበስላል። ትኩሱን በቅርጫት አቀረበችላቸው። ሽማግሌው አፉን በእጁ ሸፍኖ «ሜሹ፣ ሜሹ» አለ። ሚስቱም እንደሱ አደረገች።

አውም ላዞም ቅርጫቱን እንደያዘች ልጇን አየችው። ኪንጋ በዓይኑ አንሺው አላት፤ አነሳች። ቀይ ሩዙን አቀረበች፤ ሜሹ አሉ፤ አነሳች። የቃሪያና የአይቡን ወጥ አቀረበች፤ አሁንም ሜሹ። የባልና የሚስቱ ዓይን ግን ወጡን ተከትሎ ምድጃው ድረስ ሄደ። ኪንጋ ሥልጡን መስተንግዶ ማለት ይሄ ነው ብሎ ልቡ ቅቤ ጠጥቷል። እናቱ ጀርባዋን ሰጥታ እሳቱን ትቆሰቁሳለች።

«ምግቤን ጠሉት» አለችኝ በሹክሹክታ። «በቃ፣ ቲምፉ መሄዴ ነው።»

ይህን ጊዜ የሽማግሌው ሆድ ጮኸ። ቤቱ ጭጭ ብሎ ስለነበር ሁላችንም ሰማነው።

«አንቺ ልጅ፣» አልኳት ያንግደንን፣ «እነዚህ ሰዎች በልተው ነው የመጡት?»

«ኧረ አልበሉም፣ አፕ ሼሩብ። ለዚህ ቤት ብለው ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም።»

«ታዲያ ምን ሆነው ነው እምቢ የሚሉት?»

ያንግደን አቀረቀረች። «እኔ ነኝ መንገድ ላይ ያስተማርኳቸው። ወዲያው መቀበል ነውር ነው፣ አፋችሁን ሸፍኑ፣ እመቤቲቱ ትለምናችኋለች አልኳቸው። ምን ላውቅ እችላለሁ? የማትለምን እመቤት በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም።»

ኪንጋ ፊቱ ልውጥውጥ አለ። አውም ላዞም ግን ቀና አለች፤ እንደዚያ ቀና ስትል ካየኋት ቆይቷል።

«ኪንጋ፣ ከፈለግህ ላሞቹን ሽጣቸው» አለች። «እኔ ግን የተራበ ሰው ከቤቴ አልሸኝም።»

ቅርጫቱን ይዛ ሽማግሌው አጠገብ ቁጭ አለች። አፉን የሸፈነበትን እጁን ቀስ ብላ ወደ ታች አወረደችና ሆንቴውን አስያዘችው።

«ይብሉልኝ እንጂ ወንድሜ፤ በሞቴ።»

በላ። ቃሪያው ሲደርስበት ፊቱ ደም መሰለ፣ አፍንጫው ፈሰሰ፣ ሚስቱ እየሳቀች ጀርባውን መታችለት። ከዚያ ይሉኝታውን እርግፍ አድርጎ ሳህኑን ራሱ ዘረጋ፤ ማንም ነውር አላለውም። ሚስቱም ከወጡ ሁለት ጊዜ አስጨመረች። ኋላ ሽማግሌው በእውነት ጠግቦ አፉን ቢሸፍን አውም ላዞም ጨመረችበት። በሁለት እጁ ቢሸፍን በጣቶቹ መሐል መንገድ ፈለገች። ግራ ገብቶት ያንግደንን አንድ ነገር ጠየቃት።

«ሰው በእውነት ሲጠግብ ምን ያደርጋል ይላል» አለችን።

«ምንም ማድረግ አይቻልም በይው» አልኩ። «እኛም ችለነው ነው የምንኖር።»

ኪንጋ አሁንም በሩ አጠገብ ነው። እናቱ ሩዝና ወጥ በሳህን ሞልታ ሄደችለት። አፉን ሸፈነ፤ እሷም ቆማ ጠበቀችው። እጁን አወረደና ሳህኑን ተቀበላት። እዚያው እንደቆመ ሙልጭ አድርጎ በላ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ወደ ደጅ ወጣ፣ ለገዢው ላሞቹ እንደማይሸጡና ነገ መጥቶ እንዳይለፋ ሲነግረው ሰማን።

አውም ላዞም ጭልፋዋን እንደያዘች ወደ በሩ ብቅ አለች።

«ለምን አይመጣም?» አለችው። «ይምጣ እንጂ። ሆንቴ ተርፏል፣ ይምጣና ይብላ በለው።»