ወልደጻድቅና የዓይን ሰሌዳው

ወልደጻድቅ የዛሬ ልጆችን ቦክሰኛ ብሎ አይጠራም። «ተጫዋች» ነው የሚላቸው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሠፈር ውስጥ የስፌት መኪናዬን ከዘረጋሁበት በረንዳ ላይ በርጩማ ስቦ መቀመጥ ከጀመረ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰማሁት አንድ ንግግር ነው። በእነሱ ጊዜ ጓንት ውስጥ የሚጠቀጠቀው የፈረስ ፀጉር ነበር። በእነሱ ጊዜ ጭንቅላቱን ሸፍኖ ሪንግ የሚወጣ ወንድ አልነበረም። ጥርስ ቢወልቅ ይዋጣል እንጂ አይተፋም፤ ዳኛ ደም ካየ ግጥሚያውን ያቆማላ! ይህን ሲል እጁን እያወናጨፈ መቀሴን ከጠረጴዛ ላይ ይጥልብኛል። አነሳለሁ፣ ሥራዬን እቀጥላለሁ።

ሰባ አራት ዓመቱ ነው። አባቱ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ እሱም እዚያው ብረት ሲቀጠቅጥ ኖሮ ጡረታ ወጣ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ስድሳዎቹ ግን ድሬዳዋ ላይ ስሙ የተጠራ ቦክሰኛ ነበር። ይህን የምመሰክረው እሱ ስላለ አይደለም። ልጅ ሳለሁ አባቴ ትከሻው ላይ አድርጎ አሳይቶኛል፤ ሰው «ወልዴ! ወልዴ!» እያለ ሲጮህ ጆሮዬን ይዤ አልቅሻለሁ።

በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ከሁርሶ ጦር ሠፈር ከመጣ አንድ ወታደር ጋር ገጥሞ ግራ ዓይኑ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ሰባት ዓመት በአንድ ዓይን ሲጋጠም አንድም ሐኪም አልደረሰበትም። ከኖረው ዕድሜ ሁሉ የሚኮራው በዚህ ነው።

የሐኪሞቹን ምርመራ እንዴት እንዳለፈ ደግሞ ቢያንስ ሁለት መቶ ጊዜ ነግሮኛል። የዓይን መመርመሪያውን ሰሌዳ ታውቁታላችሁ፤ ሦስት እግር ያለው ምልክት በየረድፉ እያነሰ ይወርዳል፣ እናንተ እግሮቹ ወደየት እንደዞሩ በእጃችሁ ትጠቁማላችሁ። ወልደጻድቅ ረድፎቹን በደህና ዓይኑ አይቶ በቃሉ ያዛቸው። የያዛቸው ግን እንደ ፊደል አይደለም፤ እንደ ቡጢ ነው። ወደ ላይ ከሆነ አገጭ፣ ወደ ታች ከሆነ ሆድ፣ ወደ ጎን ከሆነ ግራ እጅ ወይም ቀኝ እጅ። ጆንያ ሲመታ ሰሌዳውን ያጠና ነበር። ጭንቅላት ቢረሳ እጅ አይረሳም፣ ይላል።

ዐብዲወሊ ወደ ግቢያችን የመጣው የዛሬ አራት ዓመት ነው። አሁን ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው፤ የመጋላ ሠፈር ልጅ ነው፣ የሰው ባጃጅ ይነዳል። እናቱ ሃሊሞ ብትን ጨርቅ ነጋዴ ናት፤ ከእሷ እየወሰድኩ ስሰፋ ስንት ዘመን ሆኖናል። ከበረንዳዬ ጀርባ ወልደጻድቅ በጨርቅ ቁርጥራጬ የሞላው ጆንያ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ልጁ በየማለዳው ባጃጁን በር ላይ አቁሞ እሱን ይደበድባል።

ዐብዲወሊ የዚህ ዘመን ልጅ ነው። እጁን በፋሻ ለመጠቅለል ሩብ ሰዓት ይፈጅበታል። የውሃ መጠጫ ሰዓቱን ስልኩ ይነግረዋል። ሲያመው «አመመኝ» ይላል፤ ይሄኔ ወልደጻድቅን ማየት ነው! «አመመኝ? ቦክስ ምን ሊያደርግህ ኖሯል፣ ሊያሽህ?» ይልና ፊቱን አዙሮ ይቀመጣል። እንዲህ እየሰደበው ግን በጣም ይወደው ነበር። ልጅ አልወለደም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠዋት የሚነሳበት ምክንያት ያ የባጃጅ ድምፅ ብቻ ነበር።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ላይ የቦክሰኞች ምልመላ ወጣ። ምልመላውን ያለፈ ልጅ ደመወዝ በሚከፍል ክለብ ይታቀፋል። ዐብዲወሊ ሊሄድ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ልምምድ ላይ ቀኝ ዓይኑን ተመታ። በማግሥቱ ጆንያውን ሳይነካ በረንዳዬ ጥግ ተቀመጠ።

«አዴር» አለው ወልደጻድቅን። በሶማልኛ አጎቴ እንደማለት ነው፤ ሌላ ስም ጠርቶት አያውቅም። «ቀኝ ዓይኔ ላይ ዝንብ ይዞርብኛል። ብልጭ ብልጭም ይላል። ሐኪም ላሳይ መሰለኝ።»

«ካሳየህ ቀረህ።»

«ቢብስብኝስ?»

«እኔ ዓይኔ ፈስሶ ሰባት ዓመት ገጥሜያለሁ! አንተ ዝንብ አየሁ ብለህ ሐኪም ቤት ትሮጣለህ? አይ የናንተ ነገር!»

ልጁ ወደ እኔ ዞረ። «ኒቆዲሞስ፣ አንተስ ምን ትላለህ አቦ?»

ያን ጊዜ «ሂድና ታከም» ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ከዚህ ሠፈር አንድ ልጅ አዲስ አበባ ገብቶ ስሙ ሲጠራ መስማት ፈልጌ ነበር፤ ቁምጣውንም የምሰፋው እኔ ነበርኩ። «የሦስት ሳምንት ነገር ነው» አልኩት።

ከመጓዙ በፊት የጤና ምርመራ ነበረ። ዐብዲወሊ ምርመራው ወደሚደረግበት ክሊኒክ ቀደም ብሎ ሄደና ሰሌዳውን በስልኩ ፎቶ አንስቶ መጣ። ወልደጻድቅ በሳቅ ሞተ። «እኔ አንድ ወር የለፋሁበትን!» አለ። እኔ ልብስ የምቀድበትን ትልቅ ወረቀት ዘርግቼ፣ ከስልኩ እያየሁ ምልክቶቹን በጠመኔ አጉልቼ ሣልኩና ግድግዳ ላይ ለጠፍኩት። አንድ ሳምንት ሙሉ ወልደጻድቅ በርጩማው ላይ ሆኖ ይጠራል፣ ዐብዲወሊ ዓይኑን ጨፍኖ ጆንያውን ይመታል። ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ግራ። ቀኝ፣ ላይ፣ ግራ፣ ታች፣ ግራ። ሽማግሌው በእነዚያ ቀናት ሃያ ዓመት የቀነሰ ይመስል ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ምርመራውን አለፈ። አዲስ አበባ ላይ ሁለት ግጥሚያ በነጥብ አሸነፈና ደወለልን። ወልደጻድቅ ስልኩን ከእጄ ነጥቆ «ዓይንህስ?» አለው። «ደህና ነው» አለ። በሦስተኛው ግጥሚያ፣ በሁለተኛው ዙር ላይ፣ ከጎን በኩል ጨለማ እንደ መጋረጃ መጣበት። ዙሩን ሳይናገር ጨረሰ። ሦስተኛውንም ወጥቶ ጨረሰና ተሸነፈ። በማግሥቱ የቀኝ ዓይኑ ጨለማ ሲሆን የክለቡ ሰዎች ሐኪም ዘንድ ወሰዱት። ከዓይኑ ጀርባ ያለው ስስ ሽፋን ተቀዶ ሙሉ በሙሉ ለቋል አሉት። ዝንቡ በታየህ ሳምንት ብትመጣ እንይዘው ነበር አሉት። ቀዶ ሕክምናው ተሞከረ፣ ብርሃኑ ግን አልተመለሰም። የግራውም ከጀርባው የሳሳ ስለሆነ ከእንግዲህ ጡጫ የሚባል ነገር እንዳይነካህ ብለው ሸኙት።

በአውቶቡስ መጣ። ባጃጁን ለባለቤቱ መለሰ። ለመንጃ ፈቃድ እድሳት የዓይን ምርመራ አለ፤ ረድፎቹን በቃሉ እንደሚያውቃቸው ሦስታችንም እናውቃለን፣ ያነሳው ግን የለም። ወረቀቱን ከግድግዳዬ ላይ አነሳሁና ሱሪ ቀደድኩበት። ዐብዲወሊ አሁንም በየጠዋቱ ይመጣል፤ በእግሩ። መሄጃ ስለሌለው ይመስለኛል። ከወልደጻድቅ ጎን ሌላ በርጩማ ላይ ይቀመጣል። አንዱ በግራ አያይም፣ አንዱ በቀኝ አያይም። አላፊ አግዳሚው ሰላም ሲላቸው ሰላምታው ለየትኛቸው እንደሆነ ይምታታባቸዋል። በፊት ቢሆን ይህን አንስቼ አስቅባቸው ነበር።

አንድ ቀን ሃሊሞ መጣች። ጨርቅ አልያዘችም። ጠረጴዛዬ ፊት ቆመች።

«ኒቆዲሞስ፣ ስንት ዓመት ተዋውቀናል፤ ንገረኝ። አዲስ አበባ ያለው ዶክተር ይሄ ልጅ ሲመረመር ዓይኑ መታወቅ ነበረበት አለኝ። ልጄ እንዴት አለፈ? ማነው ያሳለፈው?»

የመኪናውን መዘውር ይዤ ቀረሁ። እኔን ትታ ወደ ወልደጻድቅ ዞረች።

«አንተስ? አንተ አባቱ ነህ፤ እኔ የሰጠሁህ ልጅ ነው። ወላሂ አልጣላህም። ማወቅ ብቻ ነው የምፈልገው።»

ወልደጻድቅ ቀና አለ። አፉን ከፈተ። ከፈረስ ፀጉር ጓንት፣ ከሁርሶው ወታደር፣ ከስንት መዓት ጡጫ ፊት የቆመ ሰው ነው። አንዲት ጨርቅ ነጋዴ ፊት ለፊቱ ቆማ ስትጠይቀው ግን አንድ ቃል መናገር አቃተው። አፈርኩበት፤ ራሴን ስላየሁበት ነው ያፈርኩት።

«ማንም አይደለም ሆዮ» አለ ዐብዲወሊ። ሆዮ በቋንቋቸው እናቴ ነው። «በስልኬ ፎቶ አንስቼ ራሴ ነኝ ያጠናሁት። እነሱ ታከም ብለውኝ ነበር። እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ሃሊሞ ልጇን አተኩራ አየችው። ከዚያ በጥፊ መታችው፤ በግራ ጉንጩ፣ በሚያየው ዓይኑ በኩል። እጁን እንኳ አላነሳም። የመታችበትን እጇን ይዛ እያለቀሰች ወጣች። ወልደጻድቅንና እኔን ግን ከመውጣቷ በፊት ይቅርታ ጠየቀችን፤ ስለጠረጠረችን።

ከሄደች በኋላ ወልደጻድቅ በርጩማውን ወደ ልጁ አዞረ።

«ዐብዲ፣ ነገ እኔው ራሴ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«ተወው አዴር» አለ ዐብዲወሊ። ቁጣ የለበትም፤ እንደ ወትሮው በአክብሮት ነው የተናገረው። «ጥርስ ቢወልቅ ይዋጣል ብለኸኝ የለ? ዋጥኩት።»

ነገ የተባለው ቀን ካለፈ ሁለት ወር ሆነው። ወልደጻድቅ ስለ ድሮ ቦክሰኞች ማውራት ትቷል፤ መቀሴም ከጠረጴዛ ወድቆ አያውቅም። ሃሊሞ ብትን ጨርቅ ስታመጣ ሁለቱም ከበርጩማቸው ተነስተው ሰላም ይሏታል። እኔም ጨርቁን እለካለሁ።