ይታየው አርባ ዓመት ያንጎራጎረው ዘፈን

አዘዞ ላይ፣ ከሚኒባስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ሁለት ወንበርና አንድ ረጅም መስታወት ያላት ፀጉር ቤት አለች። ባለቤቱ ይታየው ኀምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ቶንዶሱን ሲያነሳ ማንጎራጎር ይጀምራል፤ አልኮል ቀብቶ ፎጣውን ሲያራግፍ ያቆማል። የሚያንጎራጉረው ሁልጊዜ አንድ ዘፈን ነው፤ እሱም ሙሉ አይደለም። ዜማው ከነመግቢያው አለው፤ ከግጥሙ ግን የቀረው አንድ ስንኝ ብቻ ነው፤ “ዝናቡ ሳያባራ፣ ሳትነግሪኝ ሄድሽ” የሚል።

የሰማው የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ሳለ፣ ተወልዶ ባደገበት ኮሶዬ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሱቅ መስኮት ላይ አንድ ራዲዮ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት የአድማጮች ምርጫ ሲተላለፍ የአካባቢው ወጣት ከሱቁ ታዛ ሥር ይሰበሰባል። ታዋቂዎቹን ዘፈኖች ሁሉም ያውቃቸዋል፤ ዛሬም በየሠርጉ ይዘፈናሉ። ይሄኛው ግን ያን ክረምት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ተሰማና ጠፋ። ዘፋኙ ማን እንደሆነ እንኳ ይታየው ልብ አላለም።

ዘፈኑ ከአእምሮው ያልወጣበት ምክንያት ነበረው። ያን ሰኔ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ወደ ሌላ ወረዳ ተዛውሮ፣ ልጁ ጽጌሬዳም አብራ ሄደች። ጽጌሬዳና ይታየው አንድ ክፍል ይማሩ ነበር፤ ከትምህርት ቤት ሲመለሱም መንገዳቸው አንድ ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር በመካከላቸው አልነበረም። አንድ ሰኞ ጠዋት በቤታቸው በኩል ሲያልፍ በሩ ተቆልፎ አገኘው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ያ ዘፈን በራዲዮ ሲመጣ ለሱ ብቻ የተዘፈነ መሰለው። ቂሙን ከነዜማው ያዘው።

ለሚስቱ ለምንዳዬ ሳይደብቅ ነግሯታል። ምንዳዬ ቀልድ ታውቃለች። ሲያንጎራጉር በሰማችው ቁጥር፣ “ያች የድሬሰር ልጅ ዛሬም አልተመለሰችም?” ትለዋለች።

ልጃቸው ፅዮን ከሁለት ዓመት በፊት ዘፈኑን ልትፈልግለት ስልኳን ይዛ አመሸች። በስንኙ ፈለገች፣ በዜማው ፈለገች፤ የለም። በመጨረሻ፣ “አባዬ፣ እንዲህ የሚባል ዘፈን የለም። የደረስከው አንተው ራስህ ሳትሆን አትቀርም” አለችው።

ይህ ነገር ከነከነው። ከዚያ ወዲህ ዕድሜው ከኀምሳ ያለፈ ደንበኛ ወንበሩ ላይ በተቀመጠ ቁጥር ስንኙን እያሰማ ይጠይቅ ጀመር። አንዱ አውቀዋለሁ ብሎ ሌላ ዘፈን ዘፈነለት። አንድ ጡረተኛ ወታደር ደግሞ የሰልፍ ዜማ ነው ብሎ ድርቅ አለ፤ ለማስረዳትም አንገቱ ላይ ፎጣ እንደታሰረ ተነስቶ ቤቷ ውስጥ ተራመደበት።

ባለፈው ጥር አንድ ሽማግሌ ለሠርግ ከጠዳ መጥተው ጢማቸውን ሊላጩ ገቡ። አያ ሀብተሥላሴ ይባላሉ። ይታየው ግማሹን ላጭቶ፣ እንደ ልማዱ እያንጎራጎረ ወደ ሌላው ጉንጭ ሲዞር፣ ሽማግሌው እጃቸውን ከፎጣው ሥር አውጥተው እጁን ያዙት።

“ምነው አያ፣ ቆረጥኩዎት?”

“አልቆረጥከኝም። ቀጥልበት እስቲ።”

“ጢሙን?”

“ዘፈኑን እንጂ!”

“ከዚህ በላይ አላውቀውም።”

ሽማግሌው ዓይናቸውን ጨፈኑና በቀጭን ድምፅ፣ “ጃንጥላሽ እኔ ጋር፣ ምን ይዘሽ ወረድሽ” ሲሉ ጨረሱት።

ይታየው ምላጩን አስቀመጠ። 

አያ ሀብተሥላሴ በወጣትነታቸው ጠዳ ውስጥ የወፍጮ ቤት ሠራተኛ ነበሩ። እህሉ እስኪፈጭ ጥበቃው ረጅም ስለሆነ ቴፕ ከራዲዮ ፊት ለፊት እያስቀመጡ ዘፈን ይቀዱ ነበር። “ካሴቱ አለኝ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ና” አሉት።

እሑድ ከምንዳዬ ጋር በሚኒባስ ጠዳ ወረዱ። ሽማግሌው ካሴቶቹን በአንድ የጫማ ካርቶን ደርድረው፣ በእያንዳንዱ ላይ በእርሳስ ቁጥር ጽፈው ጠበቋቸው። የአንዱን ካሴት የላላ ክር በእርሳስ አጥብቀው፣ ቴፑ ውስጥ ከተቱትና ቁልፉን ተጫኑት።

መጀመሪያ የመጣው የወፍጮው ጩኸት ነው። ከዚያ አንድ ሰው፣ “ያችን አህያ መልሷት!” ሲል ተሰማ። ዘፈኑ ከዚያ ጀመረ። ኦርጋኑ ቀደመ፣ ሳክስፎኑ ተከተለ። የዘፋኙ ድምፅ ይታየው ከሚያስታውሰው ይልቅ የለጋ ልጅ ድምፅ ነበር። ስንኙ ላይ ሲደርስ ይታየው አንገቱን ወደ ቴፑ ሰገግ አደረገ።

“እስቲ ይመልሱልኝ” አለ። መለሱለት። “አንድ ጊዜ ደግሞ።”

በሦስተኛው ምንዳዬ ፈጠነች። “ሳትነግሪኝ አይልም እኮ። ‘ሳልነግርሽ ሄድሽ’ ነው የሚለው።”

“እኔም እንደዚያ ነው የማውቀው። አንተ ስትለው የራስህ ጨዋታ መስሎኝ ነበር” አሉ አያ ሀብተሥላሴ።

የኮሶዬ ራዲዮ ይንኮሻኮሽ ስለነበር ቃሉ ቢያመልጠው አያስገርምም። ይታየው ግን አሁን ሌላ ነገር ትዝ አለው። ጽጌሬዳ ከመሄዷ በፊት በነበረው ቅዳሜ፣ ከሱቁ ታዛ ሥር፣ አጠገቡ መጥታ ቆማ ነበር። “አባቴ ተቀይሯል፤ ልንሄድ ነው” ብላዋለች። እሱ ዝም አለ። “ምነው ዝም አልክ?” ስትለው፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ “ቆይ፣ ራዲዮውን ልስማ” አላት። ጥቂት ቆማ ሄደች። ነግራው ነበር፤ ያልነገራት እሱ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ ይህቺን ቅዳሜ አንድ ቀን እንኳ አላስታወሳትም ነበር።

ሲመለሱ ሚኒባሱ ውስጥ ይህን ሁሉ ለምንዳዬ ነገራት። ሳታቋርጠው አዳመጠችና፣ “ምስኪን፣ ያን ሁሉ ዘመን ስታማት ኖርክ” አለች። እንደ ሁልጊዜው አልቀለደችም። ከጥቂት መንገድ በኋላ፣ “ለኔስ ያልነገርከኝ አለ?” ብላ ጠየቀችው።

ይታየው አሰበ። “አለ።”

“ምን?”

“የምትቆርጪኝ ፀጉር ከኋላ ጠማማ ነው።”

ምንዳዬ ዞራ ማጅራቱን አየች። የሰው ፀጉር የሚያሳምር ሰው የራሱን መቁረጥ አይችልምና፣ ከተጋቡ ጀምሮ የምትቆርጠው እሷ ናት። “ሠላሳ ዓመት ሙሉ? ታዲያ የሙያ ጓደኞችህ አያስተካክሉልህም ነበር?”

“እናስተካክልልህ ይሉኛል። እምቢ እላለሁ።”

“ምነው?”

“ያንቺ እጅ ነዋ። ሸጋ ነው፤ አይነካም።”

ምንዳዬ እጁን ያዘችው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ፣ አዘዞ እስኪደርሱ እጁን አልለቀቀችም።

ፅዮን በሳምንቱ ከአያ ሀብተሥላሴ ዘንድ ሄዳ ካሴቶቹን በሙሉ ወደ ፍላሽ ገለበጠቻቸው። የዚያ ዘፋኝ ስም ግን አልተገኘም፤ ሽማግሌው ቁልፉን የተጫኑት አስተዋዋቂው ተናግሮ ከጨረሰ በኋላ ነበር። ይታየው ጽጌሬዳንም በኮሶዬ ሰዎች በኩል አጠያየቀ። ደባርቅ ወልዳ ከብዳ፣ የልጅ ልጅ አይታ ትኖራለች አሉት። ደስ አለው፤ ሰላምታ ላከባት፣ ሌላ ነገር አልጨመረበትም።

አሁን ቅዳሜ ከሰዓት ፀጉር ቤቷ ውስጥ የሚከፈተው ያ ፍላሽ ነው። ብዙዎቹ ዘፈኖች አንድ ሰሞን ተሰምተው የተረሱ ናቸው። የሚቆረጥ ፀጉር የሌላቸው ሽማግሎች ሳይቀሩ መጥተው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ። ባለፈው ቅዳሜ ኪሩ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር ወንበሩ ላይ ሳለ አንዲት ሴት የዘፈነችው ዘፈን መጣ። ኪሩ ድንገት ከነፎጣው ተነሳ። ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ እንደጎፈረ በሩ ላይ ቆመና ጎንደር ላለችው ታላቅ እህቱ ደወለ።

“እትዬ፣ ይሄን ስሚ፤ ልጅ ሳለን ትዘፍኚው የነበረውን” አለና ስልኩን ወደ ቤቱ ውስጥ ዘረጋው።

ይታየው ቶንዶሱን አጠፋ። አግዳሚው ላይ ያሉትም ወሬያቸውን አቆሙ።