በረዶ የመለሳቸው ሽማግሌዎች

ጋሽ ገብረጻድቅ ደብረ ብርሃን ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ይህንንም ሳይናገሩ የዋሉበት ቀን የለም። የላስ ቬጋስ ሰው በጥር ጃኬት ሲደራርብ ባዩ ቁጥር ይስቃሉ። በሚሠሩበት ሆቴል የእንግዳ ሻንጣ የሚገፉት ክረምት ከበጋ በሸሚዝ ነው። «እኔን ብርድ አስለቅሶኝ አያውቅም» ይላሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አይናለም ይህን ከመስማታቸው ብዛት ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረዋቸው ይሉታል።

በፈረንጆቹ 2008 ዲሴምበር፣ ከተማው እስካሁን የሚያወራለት በረዶ በወረደበት ቀን፣ እኚህ ሰው ዊንቸስተር በሚባለው ሰፈር ካለው አፓርታማቸው ውስጥ ሽማግሌ ይጠብቁ ነበር። አንድ ልጃቸውን ዮርዲን ሊውል የሚባል ነርስ ጠይቋል። ልጁ እንኳን ሊታወቅ፣ የቤቱን ቧንቧ ሁለቴ ጠግኗል። ቢሆንም ጋሽ ገብረጻድቅ መልሳቸውን አሰናድተው ጨርሰዋል፦ «ከዘመድ ልማከር፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ።» ሴት ልጅ በአንድ ቀን አትሰጥም፤ ወጉ ነው።

ወጉስ ወግ ነው፤ ግን የሚማከሩት ዘመድ በከተማው አልነበራቸውም። ልጅቷ ከቤት ልትወጣ ነው። ሁለት ሳምንትም ብትሆን ትቆይልኝ ነው ነገሩ።

ሦስቱ ሽማግሌዎች በስስ ሱፍና በሚያብረቀርቅ ጫማ መጡ። ቁጭ በሉ ቢባሉ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም አሉ። ዋናው ሽማግሌ፣ ታክሲ ነጂው አቶ ሰርፀ፣ ጉዳዩን አስረዱ። ጋሽ ገብረጻድቅም የሁለት ሳምንት ቀጠሯቸውን ሰጥተው በክብር ሸኟቸው።

በረዶው ግን ቀድሟቸው ግቢውን አልብሶታል። ጋሽ ገብረጻድቅ በመስኮት ሲያዩ፣ የሽማግሌዎቹ መኪና ቀስ ብላ ተንሸራተተችና የግቢው ዘንባባ ላይ ተደግፋ ቀረች። ወዲያው በሩ ተንኳኳ።

«ጋሼ፣ ጎማው ስሊፕ አደረገ። መንገዱም ተዘግቷል አሉ።»

«በሉ ግቡ! ግቡ!»

«አይሆንም» አሉ አቶ ሰርፀ፣ ጢማቸው ነጭ ሆኖ። «ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው ያሉን። ቀጠሮ ሳይደርስ ቤትዎ ብንገባ ነውር ነው።» ሦስቱም ግድግዳውን ተደግፈው በረንዳው ላይ ተደረደሩ።

ጋሽ ገብረጻድቅ ጨነቃቸው። ሰው ደጃቸው ላይ አይደርቅም፤ ቃላቸውንም አይበሉም። መላ ሲያጡ በሸሚዛቸው ወጥተው አብረዋቸው ቆሙ። «ይሄ ደግሞ ብርድ ነው?» አሉ። ጥርሳቸው ግን እየተንቀጫቀጨ ቃሉን ሦስት ቦታ ቆረጠው። ጎረቤት አልፎ ሲሄድ አራቱን ፎቶ አነሳቸው።

ዮርዲ ካልሲ ታቅፋ ብቅ አለች። «አባዬ ፕሊስ! ፍሪዝ እያደረጉ ነው እኮ!»

ጋሽ ገብረጻድቅ ወደ ቤት ውስጥ አንገታቸውን አሰገጉ። «አይናለም! ዘመድ ማለት አንቺም አይደለሽ? ምን ትያለሽ?»

«እኔ ከሰጠሁ ቆየሁ! አስገባቸው እንጂ፣ አራት ሬሳ ልታሸክመኝ ነው?»

«እንግዲህ ከዘመድ ተማክሬያለሁ» አሉ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው። «የቀረው ሁለት ሳምንቱ ነው እንግዲህ...»

አቶ ሰርፀ ጥቂት አሰቡ። «ገብተው በሩን ይዝጉት። እናንኳኳለን። ያኔ ቀጠሮው ደረሰ ማለት ነው።»

በሩ ተዘጋ፤ ተንኳኳ፤ ተከፈተ። ጋሽ ገብረጻድቅ እንግዶቹን አዲስ እንደመጣ ሰው አቅፈው ሳሙ። «ሰነበታችሁ?» አሉ።

ሽማግሌዎቹ የራሰ ጫማቸውን አውልቀው የዮርዲን ካልሲዎች አጠለቁ፤ የአቶ ሰርፀ ሮዝ ሆኖ ጥንቸል ያለበት ነው። በዚያው ካልሲ ቀጥ ብለው ቆመው፣ ሳል አድርገው፣ «ልጅዎን ለልጃችን ይስጡን» አሉ።

ዮርዲ ካልሲውን አይታ ሳቋ እንዳያመልጣት ከንፈሯን ነከሰች። ትንሽ ሳለችም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዲሁ ነበረች። ጋሽ ገብረጻድቅ አዩዋት። ሊያቆዩዋት ያሰቡት ሁለት ሳምንት በር ተዘግቶ እስኪከፈት ድረስ አለቀ።

«ሰጥቻለሁ» አሉ። እንባቸው ጉንጫቸው ላይ ወረደ።

«አባዬ? ምን ሆንክ?»

«ምንም አይደል፤ ብርዱ ነው።»

ማሞቂያው እየጮኸ ነበር፤ ቤቱ ያልባል። ወይዘሮ አይናለም ከንፈራቸውን አላንቀሳቀሱም። የነጠላቸውን ጫፍ አቀበሏቸው።