የታጠበው ኒኬል

ጣይባ ኩዌት፣ ጃብሪያ ሰፈር ባለው በአሠሪዋ በማዳም ቪላ ስትኖር ከጥቁረት ጋር ታርቃ አታውቅም። የድስት ቂጥም ሆነ የምድጃ ከንፈር፣ ጥላሸት የነካው ነገር ሁሉ በእጇ ሳይጸዳ አያድርም። ፈላስፎች ስለ ንጽሕና ብዙ ጽፈዋል፤ እሷ ግን ከማዳም በተማረቻት «ነዲፍ»፣ ንጹሕ፣ በምትል አንዲት የዐረብኛ ቃል ሁሉንም ቀድማቸዋለች።

ያን ሰሞን ለዕረፍት ወደ ወሎ ልትበር ነበር። እሑድ የልጇ የሙንተሀ ኒካሕ ይታሰራል። ዓርብ የምትሄደው ግን ማዳም ከፈቀደች ነው።

ማክሰኞ ማለዳ በወጥ ቤቱ መስኮት ላይ፣ በብርጭቆ ሳህን የተቀመጠ ትንሽ የጠቆረ የብረት ወንፊት አየች። በሽቦ መፈግፈጊያ ፈገፈገችው፤ አብለጨለጨ።

«ያ ጣይባ! ምን አደረግሽ?» አለች ማዳም ራሷን ይዛ።

«አጠብኩት ማዳም።»

«እኔ እኮ የምፈልገው ጥቁሩን ነበር!»

እንዲህ ያለ ትእዛዝ በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

ማዳም የኬሚስትሪ ተመራማሪ ናት። ሳቋም ንዴቷም ሲበርድ አስረዳቻት፦ ወንፊቱ ከቤተ ሙከራ ያመጣችው ኒኬል ነው፤ ሜቴን የተባለው ጋዝ በጋለ ኒኬል ላይ ሲያልፍ ይፈርሳል፤ ሃይድሮጅኑ ይሄዳል፣ ካርቦኑ ኒኬሉ ላይ ይቀራል። እየተደራረበ ሲሸፍነው ጋዙ ሳይፈርስ እንደመጣ ያልፋል።

«ኒኬሉ አልተሰበረም፣ አልቀለጠም። ከጥቁሩ ሥር ሆኖ ምንም አይደርሰውም፣ በቃ። ይህንን ነበር እሑድ ለገምጋሚዎች የማሳየው። አሁን እንደገና እስኪጠቁር ቤተ ሙከራ ልከርም ነው። እናቴን ማን ይጠብቃል? ዕረፍትሽ ሳምንት ይቆይ።»

«ኒካሑ እሑድ ነው ማዳም።»

«ዐውቃለሁ፤ አዝናለሁ። እናቴን ሐጃን ግን ብቻዋን አልተዋትም።»

«ሓድር» አለች ጣይባ፤ እሺ ማለቷ ነው። ዕንባ ቢመጣ ብላ ጠበቀች። አልመጣም። ስልኳን አንሥታ ወደ ልጇ ደወለችና ለእሑድ እንደማትደርስ ነገረቻት።

«እማ፣ ምን ያዘሽ? ታመሽ ነው?»

«ደኅና ነኝ። ብረት አጥቤ ነው።»

«ቀልዱን ተይው!»

«ቀልድ ባውቅ ኩዌት ምን አመጣኝ?»

«እስቲ ተቆጪ! አልቅሺ! እኔ ብቻዬን ነኝ የማለቅሰው?»

«ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ።»

«ሂናውን እናቴ ትቀባኛለች ብዬ ሰዉን ሁሉ መልሻለሁ።»

«አክስትሽ ቡሽራ ትቀባሽ።»

«እጇ ይንቀጠቀጣል።»

«ቢንቀጠቀጥም ቀለሙ ይይዛል።»

ሙንተሀ «እሺ» አለች፤ ድምጿ ቁርጥ የእናቷን ሆኖ። ያን ቀን ጣይባን የወጋት ነገር ቢኖር ይቺ «እሺ» ናት፤ እሷም ብዙ አልወጋቻትም።