ወንዟ ወደ ቤቷ ስትመለስ

ልጅ ሳለሁ ክረምት በገባ ቁጥር የምፈራው ጅብ አልነበረም፤ አመድ ነበር። ሳቁ እንጂ፣ ግን አስጨርሱኝ።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ ቤታችን ከኢተያ ከፍ ብሎ ጋራው ላይ ነበር። መንደር ምሥረታ መጣና ቤታችሁን አፍርሳችሁ ሜዳው ላይ ውረዱ ተባልን። አባቴ የጣሪያውን እንጨት በትከሻው እየተሸከመ አወረደ። ሜዳው ላይ ገመድ ተወጠረ፣ ጎጆው ሁሉ በገመዱ ልክ እንደ ወታደር ተሰለፈ። ለእኛ የደረሰን የመጨረሻው ረድፍ ነው፤ ሣሩ በበጋ እንኳ የማይደርቅበት ጎድጓዳ ቦታ። እናቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፣ «ደግ ነው፣ ጎመን ይበቅልበታል» አለች።

ጎረቤታችን አኮ ዲንቂቱ ነበሩ። አኮ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው፤ ዘመዳችን ባይሆኑም የመንደሩ ልጅ ሁሉ እንዲያ ነበር የሚጠራቸው። ሲመሻሽ ይመጡና ምድጃችን ዳር ቁጭ ብለው፣ ፍሙን በስንጥር እየቆሰቆሱ፣ ጭሱ ዓይናቸውን እያስነባቸው፣ ኩራዟ ግድግዳው ላይ ጥላቸውን እያገዘፈችው፣ ያቺኑ አንዲት ተረት ይነግሩን ነበር።

ወንዟ ልጇን ዝዋይ ሐይቅን ልትጠይቅ ሄዳ ብዙ ዘመን ቀረች አሉ። ሰዎች መጡና የተኛችበትን ቦታ ባዶ ሆኖ፣ ለስልሶ አገኙት፤ ቤት ሠሩበት፣ ወለዱበት። አንድ ክረምት ወንዟ ተመለሰች። ጨዋ ናትና ሳታንኳኳ አትገባም፤ የምታንኳኳው ግን በር አይደለም፣ ከሥር ነው። የምድጃው አመድ ከታች ይረጥባል። ያኔ እንግዶቹ ይነሣሉ።

«ሁሉም ወጡ፣ አኮ?» እንላቸዋለን።

«ሁሉም ወጡ!» ይሉናል፣ ጉልበታቸውን መታ አድርገው።

አባቴ ይሥቃል። «አኮ፣ ልጆቹን አያስፈራሩብኝ፤ ኋላ አልተኛ ይሉኛል።»

«ይፍሩ እንጂ! የፈራ ልጅ ነው የሚያድገው።»

እኔማ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳያየኝ ጣቴን አመዱ ውስጥ እከት ጀመር።

የዚያን ዓመት ክረምት ሊገባ ሲል፣ ከገበሬ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ሬዲዮው ዝናቡ ከሌላው ጊዜ እንደሚበረታ ተናገረ። ሁላችንም ሰማን። ሊቀመንበሩ ደስ አለው፣ «ስንዴው ይይዛል!» ብሎ አጨበጨበ። አባቴ ክረምቱ እስኪያልፍ አራሷን ይዤ ጋራው ላይ ልቆይ ወይ ብሎ ጠየቀው፤ እናቴ ያኔ ወንድሜን ወልዳ ነበር። ሊቀመንበሩ አንገቱን ደፋ። «ወደ ድሮ ቤቱ የተመለሰ ፀረ አብዮት ነው ተብያለሁ፤ እባክህ እኔንም ራስህንም አታስበላ» አለው። ክፉ ሰው አልነበረም እኮ፤ እሱም ከላይ የሚፈራው ነበረው።

ከዚያ ዝናቡ መጣ። እንዲያው ምን ልበላችሁ፣ ጭላሎ ተራራ ከዓይናችን ጠፋ። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ አባቴ ለማኅበሩ እርሻ ወጥቶ ሳለ፣ ጣቴን አመዱ ውስጥ ከተትኩ። ላዩ ትኩስ ነው፤ ሥሩ ጭቃ!

እየጮኽኩ አኮ ዘንድ ሮጥኩ። መጥተው እጃቸውን እስከ አንጓቸው አስገቡ። ከዚያ እናቴን «ተነሺ፣ ልጄ» አሏት።

«ምነው አኮ? አርባው ሳይሞላ፣ ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሣ እንዴት ደጅ እወጣለሁ? ብሞት ይሻለኛል» አለች እናቴ። አልጋውን ጭብጥ አድርጋ ያዘች።

አኮ አልተከራከሯትም። ቤታቸው ገብተው ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። ሲንቄ የአርሲ ሴት ስትዳር እናቷ የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት። ሴት ስትበደል፣ ይልቁንም አራስ ስትበደል፣ አንዷ በትሯን ይዛ ትጮኻለች፤ የሰማች ሁሉ ያለችበትን ሥራ ጥላ፣ ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች። ወንድ አያቋርጣቸውም። በሐሰት የሚጮኽ ጩኸት አይደለም። አኮ ዝናቡ መሐል ቆመው ጮኹ።

ሴቶቹ ከየቤታቸው ጎረፉ። «አራሷን ማን በደላት? ባሏ ነው?»

«ወንዟ ናት!» አሉ አኮ። «መጥታ ደጃችን ቆማለች። አራሷን ከነአልጋዋ አንሡልኝ!»

አንዳንዷ ሣቀች፣ አንዳንዷ አማተበች፤ አልጋውን ግን አነሡት። እናቴ «ተዉኝ!» እያለች አለቀሰች። ልጅ ሁሉ ተከተለን። ሊቀመንበሩ ከላይኛው መንገድ እየሮጠ መጣ። «ይህ አድማ ነው! ወዴት ነው?» የገዛ ሚስቱ ጫልቱ ሲንቄዋን ይዛ ከፊት ነበረች። «አንተ ሰውዬ ዞር በል! ይልቅ ወጡን እሳት ላይ ትቼው ወጥቻለሁ፣ ሂድና አውርደው!» አለችው። ሴቶቹ በሣቅ ፈነዱ። እሱም ፈገግ አለና ከመንገዱ ወጣ፤ በትር ላይ ማን ይሄዳል? ወደ ቤቱ ሲወርድ አየሁት።

ጋራው ላይ፣ ጣሪያ በሌለው በድሮ ቤታችን ግድግዳ ሥር ተጠለልን። አባቴና ሌሎቹ ወንዶች ጩኸቱን ሰምተው ከእርሻው በላይ በላዩ መጡ። ገና ሳይመሽ፣ ከጭላሎ በኩል እንደ ብዙ ጋሪ የሚንጓጓ ድምፅ መጣ። ታችኞቹ ረድፎች ስንዴ እንደሚታጨድ እየተነጠፉ ሄዱ። የእኛ ቤት፣ የአኮ ቤት፣ የሊቀመንበሩ ቤት።

ጫልቱ ከአንዱ ወደ አንዱ እየሄደች ፊት ታይ ጀመር።

የባሏን ሬሳ ሲያገኙ ድስቱ አብሮት አልነበረም። እሷ ግን ዕድሜ ልኳን የምትጠይቀው እሱኑ ነበር፤ «ወጡን አውርዶት ይሆን?» እናቴ ያን ሕፃን፣ ወንድሜን፣ ስታሳድገው አንድም ቀን በጫልቱ ፊት አቅፋ አልሳመችውም።

አኮ ከዚያ በኋላ ተረቷን አልነገሩንም። አንዴ ለምነናቸው ጀመሩና፣ «ሁሉም ወጡ፣ አኮ?» የምንላቸው ቦታ ላይ ሲደርሱ ስንጥሩን ፍሙ ውስጥ ጥለው ተነሡ።

አሁን እኔው አያት ሆኛለሁ። ማንበብ ባልችልም የልጅ ልጆቼ ከስልካቸው ላይ ዝናብ ይበረታል ተብሏል ብለው ያነቡልኛል። ደግ ነው፤ ሬዲዮውም ያኔ አልዋሸንም ነበር። ግን ወዴት ነው የምንወጣው፣ ማንን ማን ይሸከማል፣ ማን ቀርቷል ብሎ ዞሮ የሚያየውስ ማን ነው እላቸዋለሁ። ከዚያ ተረቷን እነግራቸዋለሁ፣ እስከ መጨረሻው። «ሁሉም ወጡ፣ እማማ?» ሲሉኝ፣ እንደ አኮ ጉልበቴን መታ አላደርግም።

«እናንተ ስትወጡ፣ ድስቱን ተዉት» እላቸዋለሁ።